«አልተገኙም» ያልኳቸው ሰው

ስብሰባ የምትመሩ፣ ጉባኤ የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ረጅም ታሪክ አይደለም። ሁለት ቀን ነው የፈጀው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከሁለቱ ቀን አልወጣሁም።

የሺወርቅ እባላለሁ። እንጅባራ ከተማ በአንድ ኮሌጅ የምርምር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የጥናት ጽሑፍ እሰበስባለሁ፣ እንግዳ እቀበላለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን የምንይዘው እኔና ልጄ ሜሮን ነን።

ነገሩ የሚጀምረው ከሜሮን ዓይን ነው። ጎረቤታችን የቀርከሃ ወንበር ይሠራሉ። አንድ ቀን ቀርከሃ ሲሰነጥቁ ሜሮን አጠገባቸው ቆማ ታይ ነበር። ስንጥሩ ተስፈንጥሮ ግራ ዓይኗን መታት። ባሕር ዳር ወሰድናት። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ሠራላትና ዓይኗን ሸፈነው። «ያይ እንደሆነ ሲገለጥ እናውቃለን» አለን። እስኪገለጥ ድረስ ባለው ጊዜ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ ይህችን ዓይን መልሺልኝ። የሚመጣውን ፍልሰታ አሥራ አምስቱንም ቀን አንድ ቅዳሴ ሳላጓድል አስቀድሳለሁ» አልኩ።

ፋሻው ሲነሳ ሜሮን መጀመሪያ ያየችው ነጠላዬን ነው። «እማዬ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነው» አለችኝ። ተመስገን። ዛሬም መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት።

ፍልሰታው ሲመጣ ጉባኤውም አብሮ መጣ።

ኮሌጃችን ስለ አካል ጉዳተኞች ትምህርት የሁለት ቀን ጉባኤ በኢንተርኔት ሊያካሂድ ወሰነ። ክረምት ነው፤ መንገዱም አስቸጋሪ ነው። ሁሉም ባለበት ሆኖ ይግባ ተባለ። ማዘጋጀቱ ለእኔ ተሰጠ። ማንም እንዳይቀር ብዬ ለፋሁ። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከባሕር ዳር አገኘሁ። የሚነገረውን እየሰሙ ከሥር የሚጽፉ ሁለት ፈጣን ጸሐፊዎች አዘጋጀሁ። ማየት ለተሳናቸው ጽሑፉን ሁሉ ስልካቸው ሊያነብላቸው በሚችል መልክ አስቀድሜ ላክሁ። ኢንተርኔት ለሌለው ደግሞ በተራ ስልክ ደውሎ የሚያዳምጥበት ቁጥር ተከፈተ። ዲኑ በስብሰባ ላይ «የሺ ያላሰበችው ነገር የለም» አሉ። ደስ አለኝ። ያ ደስታ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከአቅራቢዎቹ አንዱ የኔታ አዳሙ ነበሩ። ዳንግላ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አያይም። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ተምረው ኋላ ዘመናዊውን ስለጨረሱ፣ ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ጥናታቸው እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ከልጃቸው ከእናኑ ጋር በጋሪም በእግርም በዳንግላ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችን ዞረው፣ ማየት ተስኗቸው ቤት የተቀመጡ ልጆችን ስም በስም መዝግበዋል። አሥራ አንድ ልጆች። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ምን እንደሚወዱ፣ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቃቸው።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ልንገራችሁ። ለሚመጣው ዓመት በሁለት ከተሞች ማየት ለተሳናቸው ልጆች የብሬል ክፍል ሊከፈት ታስቧል። ከተሞቹን የሚመርጡት አንድ ከክልል የሚገቡ ኃላፊ ነበሩ። ጊዜ ስለሌላቸው የሚያዳምጡት የመጀመሪያውን ቀን፣ ሐሙስን፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። የኔታን በዚያ ሰዓት ያስገባኋቸው እኔ ራሴ ነኝ። ኃላፊው እነዚያን ስሞች ቢሰሙ ዳንግላን አይተዉትም ብዬ አምን ነበር።

ጉባኤው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የኔታ ደወሉ።

«የሺ ልጄ፣ ይህን ነገር አንድ ጊዜ አለማምጂኝ። ስልኩስ ያወራኛል። ግን የቱን ነክቼ የቱ እንደሚከፈት አላውቅም። ሰው ሁሉ እየሰማ እንዳልደናበር።»

«እሺ የኔታ። ዛሬ ከቅዳሴ ስወጣ እደውልልዎታለሁ።»

«ፍልሰታን ይዘሻል?»

«ስለት አለብኝ።»

«ስለትማ ስለት ነው። እጠብቅሻለሁ።»

የፍልሰታ ቅዳሴ የሚያልቀው ከቀትር በኋላ ነው። ከዚያ እህል ቀምሼ፣ ቢሮ ተመልሼ የተጠራቀመውን ሳቃልል መሸ። አልደወልኩም። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ደወሉ። እንደገና «ከቅዳሴ በኋላ» አልኩ። ረቡዕ ቀትር ላይ ሦስተኛ ጊዜ ደወሉ።

«ዳንግላ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ስልኬ ሊዘጋ ነው። አሥር ደቂቃ ካለሽ አሁን አሳዪኝ።»

ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«የኔታ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ አይስጉ። ሲገቡ እኔ አይዎታለሁ።»

«እንግዲህ አንቺ ካየሽኝ ይበቃል» አሉና ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ሄድኩ። አሥር ደቂቃ እኮ ነው የለመኑኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጉባኤው ተከፈተ። የምልክት አስተርጓሚዋ እጆቿን እያንቀሳቀሰች፣ ጽሑፉ ከሥር እየሄደ፣ ሁሉም አማረ። ከዚያ ድምፅ መግባት ጀመረ። የአንዱ ዶሮ ይጮኻል። የአንዱ ሕፃን ያለቅሳል። አንዲት ሴት ማይኳን ሳትዘጋ ገበያ መሐል ገብታ «ኧረ ይህ ድንች በስብሷል! ለማን ልታሸክመኝ ነው?» ስትል መላው ጉባኤ ሰማ። የመክፈቻ ንግግር ያደርጉ የነበሩት እንግዳ «ይህ ጉባኤ ነው ወይስ ገበያ?» አሉ። ዲኑ እኔን አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቅዳሴ ከመሄዴ በፊት የኮምፒዩተር ባለሙያችንን ጌትነትን ጠራሁት።

«ከሰዓት በኋላ የሁሉም ሰው ማይክ ይቆለፍ። መናገር የፈለገ እጅ የሚያነሳበትን ምልክት ይጫን። አይተን እንከፍትለታለን።»

«ማየት የማይችሉትስ? ያንን ከየት ያገኙታል?» አለኝ።

«ስማቸውን አውቀዋለሁ። ራሴ እከፍትላቸዋለሁ።»

«ያንቺ ነገር!» አለና ቆለፈው።

ከቅዳሴ በሩጫ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስም ዝርዝሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሥራዬ እሱ ነበር፤ ማን እንደገባ ማየት፣ ለተረኛው ማይክ መክፈት። «አዳሙ» የሚል ስም ፈለግሁ። የለም። ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ዝግ ነው።

ከዝርዝሩ መሐል «እናኑ» ከሚል ስም አጠገብ አንዲት ትንሽ ቢጫ እጅ ተነስታለች። ተማሪ መሰለችኝ። ጥያቄ ገና አልተጀመረም። አውርድ የሚለውን ተጫንኩ። እጇ ወረደች።

ስብሰባውን የሚመሩት ዶክተር «ቀጣዩ መምህር አዳሙ ናቸው። ገብተዋል?» ሲሉ ማይኬን ከፍቼ «ገና ናቸው። ሌላ አቅራቢ ይቅደምልን» አልኩ። ሌላ አቅራቢ ቀጠለ። የእናኑ እጅ እንደገና ተነሳች።

«ይች ልጅ ምን ነካት?» አልኩና አወረድኳት።

ኃላፊው ከስክሪኑ ጥግ ላይ ይታያሉ። ሰዓታቸውን አዩ። ዶክተሩ «መምህር አዳሙን እንጠብቅ ወይስ እንቀጥል?» ብለው ጠየቁኝ። እጇ ሦስተኛ ጊዜ ተነሳች። ንዴት መጣብኝ። ጾሙም፣ ሩጫውም፣ የጠዋቱም ሐፍረት ነበረበት። አወረድኳት። ከዚያ ሁሉም እየሰማኝ እንዲህ አልኩ፦

«መምህር አዳሙ አልተገኙም።»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያሳዝናል። የዳንግላውን መስማት ፈልጌ ነበር» አሉ። አመስግነው ወጡ።

ሁሉም ሲያልቅ ጌትነት የገቡትን ሰዎች ዝርዝር አትሞ አመጣልኝ። ማን ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት እንደወጣ ያሳያል።

«አንድ ሰው ብቻ ነው ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ ከሁሉም በኋላ የወጣው። እናኑ ማን ናት?» አለኝ።

የኔታን ጽሑፍ ከመሳቢያ አወጣሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ሥር በትንሹ ተጽፏል፤ «ቃሌን የጻፈችልኝ ልጄ እናኑ አዳሙ ናት።» ስልካቸው ስለተዘጋ በልጃቸው ስልክ ነው የገቡት። ያንን ገጽ እኔው ነኝ የተቀበልኩት።

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«የሺ ልጄ፣ አዳሙ ነኝ። ገብቼ ነበር እኮ። ምን ሆነ?»

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ጌትነት ያየኛል። ዲኑ በሩ ላይ ቆመዋል፤ «በጣም አምሯል የሺ» ሊሉኝ ነው የመጡት።

«የኔታ፣ ኔትወርክ ነው። የእርስዎ መስመር ተቆርጦ ነው። እኛ ጋ አልታዩም» አልኩ።

«እንዲያ ነው? እሺ። ደክመሻል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። ሊዘጉ ሲሉም «ነገ ስታስቀድሺ አስቢኝ። ክርስትና ስሜ ተክለ ማርያም ነው» አሉ።

ዲኑ እጄን ጨበጡኝ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ከሰዓታት ጸሎት ወጥተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ በደልኩ።»

«ማንን?»

«ዓይነ ስውር ሰው። አፉን ዘጋሁበት። ከዚያ ዋሸሁት።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለቱንም፣ አሥሩን ደቂቃም። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ይቅርታ ጠየቅሽው?»

«መጀመሪያ ወደ እርስዎ መጣሁ።»

«ቅርብ ስለሆንኩ ነው የመጣሽው። ዳንግላ ይርቃል።»

«ዛሬ ብሄድ ቅዳሴው ያመልጠኛል፤ ስለቴ ይጎድላል።»

«ስለቱን የተሳልሽው ስለምን ነበር?»

«ስለ ዓይን።»

አባ መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ሂጂ። ቅዳሴው ዛሬ ያለ አንቺም ይቀደሳል» አሉ።

ከመናኸሪያው ለጌትነት ደወልኩ። የመዝጊያው ስብሰባ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። የተመረጡት ከተሞች ስም የሚነበበውም በዚያው ነው።

«አብደሻል? ማን ሊቆጣጠረው ነው?» አለ።

«አንተ። ለዶክተሩ ንገራቸው፤ የኔታ ከዝርዝሩ በፊት ይናገራሉ። ማይኩን ሁሉ ክፈተው።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም።»

«ዶሮው ይገባል እኮ የሺ።»

«ይግባ።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆየ። ከተነሳን በኋላም ዝናቡ መንገዱን ጋርዶት ሹፌሩ በዝግታ ነዳ። ዳንግላ ስደርስ አራት ሰዓት ሊሞላ ነው። ጋሪ ያዝኩ። ባለጋሪው የሚያወራው ለእኔ ይሁን ለፈረሱ አይለይም።

«የኔታ ቤት ነው? አሃ! ትናንት ለመንግሥት ሊናገሩ ነበር አሉ። እንጅባራዎች የሉም ብለው ዋጧቸው። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የለም ይባላል? ቺ! ሂድ አንተ!»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

በሩን የከፈተችልኝ እናኑ ናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።

«የሺወርቅ ነኝ፤ ከእንጅባራ» አልኳት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ኔትወርኩ መጣ?» አለችኝ።

ከውስጥ የኔታ «እናኑ! እንግዳ እንዲህ ነው የሚቀበሉት?» አሉ። መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ወፍራም የብሬል ወረቀት አለ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«የኔታ፣ ኔትወርክ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ተነሽ፤ መሬቱ ርጥብ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ስልኩ ያወራኛል አላልኩሽም? እጄን ሳነሳ ተነስቷል አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የስብሰባው ባለቤት እጅህን አውርዶታል አለኝ። አነሳሁ። አወረድሽው። ሦስተኛው ላይ እናኑ ተወው አለችኝ።»

«ታዲያ ስዋሽዎት ለምን ዝም አሉኝ?»

«ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ። ይህ ይበቃታል አልኩ።»

«ለእኔ አልበቃኝም!» አለች እናኑ። «ስልኬን ከባጃጅ ባትሪ ላይ ቻርጅ አድርጌ፣ የቱን እንደሚነካ ሌሊቱን ሳለማምደው አድሬ! ይኸ ቤት ትናንት ሞልቶ እንደነበር ታውቂያለሽ? እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ነበር። አባቴ፣ ስማችሁ ሲጠራ ስሙ ብሏቸው ነው። አንቺ አልተገኙም ስትዪ ሁሉም ሰሙ። ስንዱ፣ ከልጆቹ የአንዷ የሙሉ እናት፣ በአዊኛ ምን አለችው መሰለሽ? የኔታ፣ ይኸው ተቀምጠው የለም እንዴ? ለምንድን ነው የሉም የሚሉት? አለችው። አባቴ መልስ ሲያጣ በሕይወቴ ያየሁት ትናንት ነው።»

«ስንዱ አሁን የት ናት?»

«በጠዋት ልጇን ይዛ ሄደች። ሁለት ሰዓት በእግር ነው የመጣችው።»

«አምስት ሰዓት ላይ ይናገራሉ። ዛሬ ማንም አያወርድዎትም» አልኩ ለየኔታ።

መብራት አሁንም የለም። ላፕቶፔ ሊዘጋ ነው፤ የእናኑም ስልክ ሞቷል። የኔታ ከዘራቸውን አነሱ። «ሐጂ ጋ ጄኔሬተር አለ» አሉ።

ሐጂ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ስንገባ ለደንበኛ ጨርቅ ይለኩ ነበር።

«የኔታ! ዛሬ ደግሞ ማንን ሊገሥጹ ነው?»

«ሐጂ፣ ሱቅዎን ለግማሽ ሰዓት ያውሱን።»

«ውሰዱት። ለሚስቴ ብቻ እንዳትነግሯት፤ ሱቁን ሸጦብኝ ሄደ ትላለች።»

ላፕቶፑ ተሰካ፤ ጉባኤው ተከፈተ። ዶክተሩ ሰላም ሲሉን ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። የሚሰማ ነገር ጠፋ። ዶክተሩ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «አይሰማም! አይሰማም!» ይላሉ። ከዝርዝሩ በፊት የተሰጠን ጊዜ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ሰዓቱ ይሄዳል። ሐጂ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አውርደው በየኔታና በላፕቶፑ ላይ ጣሉት።

«አንቺም ግቢ። ያዢላቸው» አሉኝ።

ገባሁ። ዝናቡ ራቀ። የብርድ ልብሱ እጥፋት በላፕቶፑ ስክሪን ላይ ወርዶበት ነበርና ጨለማ ሆነ። እጄን እንኳ አላየሁትም። መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

«የሺወርቅ ነኝ። ትናንት መምህር አዳሙ አልተገኙም ያልኩት እኔ ነኝ። ተገኝተው ነበር። ሦስት ጊዜ እጃቸውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከዚያም ኔትወርክ ነው ብዬ ዋሸኋቸው። ይቅርታ።»

ከዚያ የኔታ አነበቡ። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ሩዝ እንደሚለቀም ያለ ትንሽ ድምፅ አለው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ማንበብ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስም ይጠራሉ። የእናቱን ስም ይጨምራሉ። ስለ ልጁ አንድ ነገር ይናገራሉ። «ሙሉ፣ የስንዱ ልጅ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የበጎቹን ድምፅ ለይታ የትኛው እንደጠፋ ትናገራለች። ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሳ አታውቅም» አሉ። አሥራ አንዱንም ጨረሱ። ከውጭ የጋሪ ፈረስ አሽካካ። አንድ ሰው ጉባኤው ውስጥ ሳቀ፤ ሌላው አለቀሰ መሰለኝ። ማንም ገበያ ነው ወይ አላለም።

ሐጂ ብርድ ልብሱን ሲያነሱ ሱቁ ሞልቷል።

ዶክተሩ ምስጋና ሰጡ። ቀጥሎ ዝርዝሩ ተነበበ፤ ዝናቡ ስለማያሰማ እኔ ከሥር ከሚሄደው ጽሑፍ ተከተልኩት። ከኃላፊው ቢሮ በጽሑፍ የተላከ ነው። ሁለት ከተሞች። ዳንግላ የለችም። ወረቀቱ የተፈረመው ሐሙስ ማታ ነበር። ዶክተሩ ቀኑንም አነበቡት።

«አነበቡ?» አሉኝ የኔታ።

«አነበቡ።»

«የለንም?»

«የለንም የኔታ።»

«እሺ» አሉ። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሐጂ ብርድ ልብሱን ሊያጥፉ ሞከሩና ተዉት። እናኑ አባቷን ክንዳቸውን ያዘች። እኔን አላየችኝም።

ወደ እንጅባራ ስመለስ ቅዳሴው ካለቀ ቆይቷል። ሜሮን በር ላይ ጠበቀችኝ። «እማዬ፣ ዛሬ ሳታስቀድሺ ቀረሽ?» አለችኝ። «ቀረሁ» አልኳት። ስለቴ ተቆጥሮልኝ እንደሆነ ማንንም አልጠየቅሁም። ተቀባይዋ ታውቃለች።

ለዲኑ ሁሉንም ጽፌ ሰጠሁ። የኔታ የተናገሩት ተቀድቶ ነበርና ከደብዳቤ ጋር ለኃላፊው ላክነው። ከሥራ አልተባረርኩም። የብሬሉ ክፍል በዓመቱ ዳንግላ ተከፈተ። ተመስገን እላለሁ፤ ከልቤ ነው። ያ ዓመት ግን አለ። ልጅ ዘጠኝ ዓመት የምትሆነው አንድ ጊዜ ነው። የስንዱ ልጅ ሙሉ ያንን ዓመት ከበጎቹ ጋር አሳለፈችው። የወሰድኩባት እኔ ነኝ።

ክፍሉ በተከፈተ ቀን ስንዱን አገኘኋት። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ይቅርታ ጠየቅኋት። በአዊኛ መለሰችልኝ። እናቴ ያሳደገችኝ በዚያ ቋንቋ ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። «ይቅር ብዬሻለሁ። ዓመቱን ግን ማን ይመልስላታል?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። የጠየቀችኝ የእውነት ጥያቄ ነው።

አሁንም ጉባኤ አዘጋጃለሁ። አስተርጓሚውም አለ፣ ከሥር የሚሄደውም ጽሑፍ አለ። እነሱ ደግ ነገሮች ናቸው። አንድ ነገር ግን ጨምሬአለሁ። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ማይኩን ሁሉ ከፍቼ፣ እያንዳንዱ ሰው በገዛ ድምፁ ስሙን እንዲናገር እጠብቃለሁ። ዶሮም ይገባል፣ ሕፃንም ያለቅሳል። አንዳንድ እንግዳ ይሰለቻል። ይሰልች። ማንንም የለም ከማለቴ በፊት «አላችሁ?» ብዬ ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ለምን ሦስት እንደሆነ ጌትነት ያውቃል። አሥር ደቂቃ የሚለምነኝ ሰው ሲመጣም ነጠላዬን አወልቄ እቀመጣለሁ።

ይህን ያነበባችሁ፣ የምትጸልዩ ከሆነ አስቡኝ። ክርስትና ስሜ ወለተ ሥላሴ ነው። ከእኔ በፊት ግን ተክለ ማርያምን አስቡ። ከሁለታችንም በፊት ደግሞ ወለተ ማርያምን። የስንዱ ልጅ ሙሉ ናት። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ደብዳቤዋን ልካልኛለች። ብሬል ስለሆነ ማንበብ አልቻልኩም። እሑድ ዳንግላ ሄጄ የኔታ ያነቡልኛል።